የጋሼ ዲኤክስ ኤሲ፦ ከፋብሪካ የመጣ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ?

ባለፈው ሚያዝያ ከደብረ ማርቆስ ስልክ ተደወለልኝ። የጋሼ ትልቋ ልጅ ናት። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «አባዬን ውሸታም አሉት» አለችኝ። «ከዚያ ቀን ወዲህ እህል እንደነገሩ ነው የሚቀምሰው።» ጉዳዩ የመኪና ጉዳይ ነው። ግን የሰው ክብር ገብቶበታል። ጋራዡን ለረዳቴ ትቼ በማግስቱ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሳሁ።

ይህን የምጽፈው የአንድ አሮጌ መኪና ኤሲ ከፋብሪካ ይምጣ ወይ በኋላ ይገጠም እንዴት እንደለየሁ፣ መሃል ላይ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ላሳያችሁ ብዬ ነው። አሮጌ ዲኤክስ፣ አሮጌ መርሴዲስ፣ አሮጌ ላንድክሩዘር የሚገዛና የሚሸጥ ሰው በዚህ ነገር ሲጣላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ወገን የእውነቱን ግማሽ ይዞ ነው የሚጣላው።

መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ። ጋሼ በወጣትነታቸው የአንድ የውጭ ፕሮጀክት ሾፌር ነበሩ። 1974 ዓ.ም. ላይ ፕሮጀክቱ አዲስ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ገዛ፤ አዲስ አበባ ሄደው ቁልፉን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ 1986 ላይ መኪናዋ ለጨረታ ወጣች፣ ጋሼ ያላቸውን ጥሪት ሰብስበው ገዟት። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደረሰች፣ ሙሽራ የጫነች፣ በሽተኛ ያመላለሰች እሷ ናት። አሁን ዓይናቸው ደከመ። ለመሸጥ ወሰኑ። ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቶዮታ የሚሰበስብ ሰው መጣና ዋጋ ተስማሙ። ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «ኤሲዋ ኦሪጅናል ነው?» ጋሼ «ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው» አሉት።

በሳምንቱ ሰውየው መካኒክ ይዞ ተመለሰ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር አየ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ «ይሄ ሳንደን ነው፤ ከመንገድ ላይ የተገጠመ ነው» አለ። ገዢው ከተስማሙበት ዋጋ 80 ሺህ ብር ቀነሰ። ያም ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። «አባባ፣ እንደዚህ አይዋሽም» ብሎ ወጣ። ጎረቤት እየሰማ ነው ይሄ ሁሉ።

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክና ኤሲ ስሰራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጋሼን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ፤ እንደማይዋሹም አውቃለሁ። ግን ደግሞ የሰው ጥሩነት ኮምፕሬሰር ላይ አይጻፍም። ብረቱን ማየት ነበረብኝ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው «ደብረ ማርቆስ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ይላል። እውነት ነው፣ የጥንቷ መንቆረር ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ሐምሌ ላይ ጋቢ ደርበህ ነው የምትነዳው። ግን ከዚህ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀንን አልፎ አባይ በረሃ ይወርዳል። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ሚያዝያ ላይ ታች ስትደርስ መሪው ይፋጃል። ያ ፕሮጀክት ለሾፌርና ለፈረንጅ ኤሲ ያስገባው ለዚያ መንገድ ነው። ለጎጃም ሰው ኤሲ ማለት አባይ ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ እንደደረስኩ ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቡና ቀረበ። ስለ መኪናዋ አንድም ቃል ሳይናገሩ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «እይልኝ ልጄ። ያየኸውን ተናገር። ለእኔ ብለህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

ኮፈኑን ከፈትኩ።

መካኒኩ ያየው ትክክል ነው። የተገጠመው ኮምፕሬሰር ሳንደን ነው፤ ያ አምስት ፒስተን ያለው፣ በየትኛውም መኪና ላይ እንዲገባ ታስቦ የተሰራ፣ በዓለም ላይ ኋላ የሚገጠም ኤሲ ሁሉ የሚወደው ዓይነት። ከስር ያቀፈው ደግሞ ወፍራም ላሜራ ተቆርጦ የተበየደ ማሰሪያ ነው። የብየዳው አረፋ እንኳን አልተሞረደም። ይሄ የቶዮታ ስራ አይደለም። እዚህ ድረስ ከመካኒኩ ጋር አንድ ነን።

ግን እሱ እዚህ ላይ አቆመ። እኔ የምለው ከዚህ መጀመር አለበት ነው። ኮምፕሬሰር የሚሽከረከር ዕቃ ነው። ይበላል፣ ዘይት ያፈሳል፣ ይነክሳል። አርባ ዓመት የሞላው መኪና ላይ የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ከተገኘ ነው የሚገርመው። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ ስለ ራሱ እንጂ ስለ መኪናዋ አይመሰክርም። ይሄኛው ደግሞ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። ኩባንያው ድሮ ሳንክዮ ነበር የሚባለው፣ ሳንደን የሚለውን ስም የያዘው እ.ኤ.አ. 1982 ላይ ነው። የጋሼ መኪና በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1981 ናት። የመቀመጫ ቀበቶው ጨርቅ ላይ የተሰፋችው ምልክት 1981 ትላለች። ሳንደን የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኮምፕሬሰር ይቺ መኪና ስትወለድ አብሯት ሊኖር አይችልም። በኋላ የመጣ ነው። ጥያቄው፣ እሱ ሲመጣ ቦታው ባዶ ነበር ወይስ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ነበር?

መብራት አምጥቼ ከስር ገባሁ። ከተበየደው ላሜራ ኋላ ሌላ ማሰሪያ አለ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ሞተሩ ላይ በራሱ ቡሎን የተቀመጠ፣ ለዚያ ባለ 1,290 ሲሲ 4ኬ ሞተር ተብሎ የተሰራ። ጥርስ የወጣላቸው አራት ቀዳዳዎች አሉት። ሁለቱ የተበየደውን ላሜራ ይዘዋል። ሁለቱ ባዶ ናቸው። በባዶዎቹ ዙሪያ ደግሞ ክብ ምልክት አለ፤ ለዓመታት የሌላ ዕቃ እግር ተቀምጦበት የቆየ ቦታ፣ ዝገት ያልነካው። እጄን ሳሳልፍበት ደስ አለኝ። ሌላ ኮምፕሬሰር ነበረ። ሳንደኑ የመጣው ለመተካት ነው።

ወጣሁና «ጋሼ፣ ኮምፕሬሰር ለውጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ! 1989 ላይ መሰለኝ። ፍኖተ ሰላም ስደርስ ጮኸብኝ፣ ቺንጋውን ቆርጬ መጣሁ። አዲስ አበባ ላይ ሌላ አስገባሁ።»

«ለገዢው ለምን አልነገሩትም?»

«ኮምፕሬሰር ለውጠሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የጠየቀኝ ከመኪናዋ ጋር ነው የመጣ ወይ ብሎ ነው። ከመኪናዋ ጋር ነው የመጣ።»

ቀጥሎ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ አየሁ። ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ሞተሩ ስር ያለው ዋናው ፑሌጃ ሁለት ቦይ አለው፣ አንዱ ለውሃ ፓምፑና ለዲናሞው፣ ሁለተኛው ለኤሲው። ዋናው ነገር ሁለቱ ቦዮች ከአንድ ብረት መውጣታቸው ነው። እንደነገሩ የተገጠመ ኤሲ ሲሆን በባለ አንድ ቦዩ ፑሌጃ ፊት ላይ ሌላ ቁራጭ ፑሌጃ በቡሎን ተጨምሮ ታገኙታላችሁ። እዚህ ግን ለዚሁ ሞተር የተሰራ ሙሉ ዕቃ ነው። ካርቡሬተሩ አጠገብ ደግሞ ኤሲው ሲበራ ሞተሩ እንዳይጠፋ ዙሩን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ የቫኪዩም ድያፍራም አለ። የመንገድ ዳር ገጣሚ ለዚህች ነገር አይጨነቅም። ኤሲው ሲበራ መኪናው ቢንቀጠቀጥ «ሚኒሞውን ከፍ አድርገው» ብሎ ይሸኝሃል።

ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያወጣው ኮንደንሰር ጎኑ ላይ ግማሹ የተላጠ ወረቀት አለው። ለቶዮታ ዕቃ የሚሰራው የኒፖንዴንሶ ስም ይነበባል፣ ከስሩ በ88460 የሚጀምር ቁጥር። ቶዮታ የኤሲ ዕቃዎችን ቁጥር በ88 ነው የሚጀምረው፤ 88460 ኮንደንሰር፣ 88320 ኮምፕሬሰር ነው። ኒፖንዴንሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1996 ላይ ስሙን ዴንሶ ብሎ አሳጥሯል፣ ስለዚህ ሙሉው ስም ያለበት ወረቀት ከዚያ በፊት የተለጠፈ ነው።

ከዚያ የተሳፋሪውን ፊት መሳቢያ አወለቅኩ። አየሩን የሚያቀዘቅዘው የኢቫፖሬተር ሳጥን ቁጭ ብሏል፤ ንጹህ፣ ልክ በልክ፣ በአንድ በኩል ከማራገቢያው፣ በሌላው በኩል ከማሞቂያው ጋር ተጋጥሞ። ፕላስቲኩ ላይ ሲቀረጽ የታተመች ክብ ምልክት አለች፣ ውስጧ 81 ይላል። ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ በቦታው ነው። የተበሳ ነገር የለም። ከዳሽቦርዱ ስር የተንጠለጠለ ሳጥን የለም።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ተነስቼ «ጋሼ፣ ከፋብሪካ ነው፣ አበቃ» አልኳቸው። ሰውየው ቀና አሉ። ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ውስጤ እሺ አላለኝም። አንድ የማውቀው ነገር አለ፣ በደስታው ዘለልኩት። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች ላይ ኤሲ የሌላት መኪና በማራገቢያውና በማሞቂያው መካከል ባዶ የፕላስቲክ ቦይ ብቻ ነው ያላት። ኤሲ ሲገባ ያ ቦይ ይወጣል፣ በልኩ የተሰራው የኢቫፖሬተር ሳጥን ይተካል። ሆን ብለው ነው እንደዚያ የሰሩት። መኪናዋ ከጃፓን ባዶዋን መጥታ፣ ሻጩ በደረሰችበት አገር፣ ደንበኛው ከጠየቀ፣ በራሱ ጋራዥ ኤሲ እንዲያስገባላት ነው። ዕቃውም ያው የኒፖንዴንሶ ነው፣ ቁጥሩም የቶዮታ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ልክ መግባቱ፣ ስሙም መኖሩ፣ ዕቃው ለዚች መኪና የተሰራ መሆኑን ይነግረኛል እንጂ ማን እንደገጠመው አይነግረኝም። ዕቃው ኦሪጅናል ነው ማለትና ገጠማው የፋብሪካ ነው ማለት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ አንዱን አይቼ ሌላውን ተናገርኩ፣ መካኒኩም እንደዚያው አድርጎ ነበር፣ አቅጣጫችን ብቻ ነው የተለያየው።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ቸኩያለሁ። አልጨረስኩም» አልኳቸው። ምንም አላሉም። ስኒያቸውን አስቀመጡና ተከትለውኝ መጡ።

ገጠማን የሚናገረው ላሜራው ነው። ይሄን ነገር ለማንም አሮጌ መኪና ገዢ አስረግጬ ብነግረው ደስ ይለኛል። ፋብሪካ መጀመሪያ ላሜራውን ይበሳል፣ ከዚያ ነው መኪናውን የሚቀባው። ከፋብሪካ ውጪ ያለ ሰው ግን የተቀባ ላሜራ ነው የሚበሳው። ስለዚህ የፋብሪካ ቀዳዳ ከንፈሩ ላይ ከስር ቀለሙም ከላይ ቀለሙም አለ፣ ጠርዙም ብዙ ጊዜ የታጠፈና ለስላሳ ነው። በትራፓኖ የተበሳው ጠርዙ ጥሬ ብረት ነው፣ ወይ ዝጓል፣ ወይ በብሩሽ ተነካክቷል። መኪናው በሙሉ እንደገና ተቀብቶ ቢሆን እንኳን ከጀርባ በኩል፣ የቀለም ጭስ ከማይደርስበት ወገን፣ በመስታወት ማየት ይቻላል። ኮምፕሬሰር ይለወጣል፣ ኮንደንሰር ይለወጣል፣ ቱቦ ይለወጣል። ቀዳዳ አይለወጥም።

ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገቡት ሁለቱ የኤሲ ቱቦዎች የሚያልፉበት ቀዳዳ ጠርዙ የታጠፈ ነው፣ ቀለሙ ሙሉ ነው። ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው፣ ኤሲ ለሌላት መኪና በጎማ ክዳን የሚደፈን ቀዳዳ ማለት ነው። ይሄ ለሁለቱም ወገን አይመሰክርም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን የኢቫፖሬተሩ ውሃ የሚወጣባት ቀጭን ቱቦ አለች። የእሷን ጎማ በጥንቃቄ ነቅዬ ትንሿን የመስታወት ዱላ ከጀርባ አስገባሁ። ጥሬ ብረት። ክቡ ንጹህ ነው፣ በጥሩ መሳሪያ የተበሳ ነው፣ ከፊት በኩል ደግሞ በብሩሽ ቀለም ተነክቷል፤ ቀለሙም የመኪናዋን ቢመስልም አንድ አይደለም። የኮንደንሰሩ የታች ማሰሪያዎች ላሜራው ላይ በተበየዱ ዳዶዎች ነው የታሰሩት። የላይኞቹ ሁለቱ ግን ላሜራውን ራሳቸው እየቀደዱ በሚገቡ ቡሎኖች ናቸው።

ከዚያ ሽቦው። የፋብሪካ ኤሲ ሽቦ ከዋናው የሽቦ ጥቅል ውስጥ ነው የሚወጣው፣ በዚያው ናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ልክ የዛፍ ቅርንጫፍ ከግንዱ እንደሚወጣ። እዚህ ግን የኤሲው ሽቦ የራሱ ጥቅል ነው፤ ከዋናው ጎን ለጎን ሄዶ በየስንዝሩ ታስሯል። የራሱ ፊውዝ አለው፣ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ያልገባ፣ ሽቦው መሃል ላይ የተንጠለጠለ። ስራው ግን የጨዋ ስራ ነው። መገጣጠሚያዎቹ የፋብሪካ ሶኬቶች ናቸው። በጥርስ የተላጠ ሽቦ የለም፣ በናስትሮ የታሰረ ቅጥያ የለም። ለዚች ሞዴል ተብሎ በካርቶን የመጣ ሽቦ ነው፣ ያስገባውም ሰው መመሪያውን ያነበበ ነው።

በቃ። መልሱ መጣልኝ። የፋብሪካ ኤሲ አይደለም፣ የመንገድ ዳርም አይደለም። ሦስተኛው ነው። መኪናዋ አዲስ ሳለች ሻጩ ጋ የተገጠመላት ነው። ገዢው የጠየቀው ከሁለት አንዱን ነበር፣ ትክክለኛው መልስ ግን ከሁለቱ ውጪ ነው ያለው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ ነበር። ጋሼን «መኪናዋን ለመቀበል አዲስ አበባ ስንት ቀን ቆዩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወዲያው ነው የመለሱት። «ሦስት ቀን አስጠበቁኝ። ወረቀቱ አልቋል፣ መኪናዋ ግን የለችም። ፈረንጁ ኤሲ ይግባላት ብሏል፣ ውስጥ ናት አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ወጣች።»

ዝም ብለን ተያየን። ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ መልሱን ይዘውት ነበር። ለእሳቸው ግን መኪናዋ የተወለደችው ያን ቀን፣ ከዚያ ጋራዥ በር ስትወጣ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ፋብሪካ ነው። «ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው» ሲሉ አንዲት ቃል አልዋሹም።

እዚህ ላይ ለሌላ መኪና የሚሆን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በዚህ ሳምንት ብቻ ሁለት ሰው ስለ መርሴዲስ ጠይቆኛል። መርሴዲስ ቢሆን ስራው ይቀላል። እነዚያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተመረቱት ደብልዩ 123 መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የተገጠመላቸው ነገር በሙሉ በሦስት አሃዝ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አላቸው። 580 ካለ በእጅ የሚታዘዝ ኤሲ፣ 581 ካለ ራሱን የሚያስተካክለው ነው። ቁጥሩ ከሌለ፣ ኤሲው የቱንም ያህል ቢያምር፣ በኋላ የገባ ነው። ኮሮላ ላይ ግን እንደዚህ ያለ ነገር የለም። ኮፈን ስር ያለችው የቶዮታ ሰሌዳ ሞዴሉን፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ ቀለሙን፣ ካምቢዮውን ትነግራችኋለች፣ ስለ ኤሲ ዝም ናት። ሊብሬውም ዝም ነው። ስለዚህ ነው ላሜራ ማንበብ የሚያስፈልገው።

«ከዳሽቦርድ ስር የተንጠለጠለ ሁሉ በኋላ የተገጠመ ነው» የሚለውንም አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሰሩ መርሴዲሶች ላይ ኩባንያው ራሱ የሚያውቀው፣ ቤር የሚባል የጀርመን ድርጅት የሰራው ኤሲ ከዳሽቦርዱ ስር ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው። ከዚያም ወደ ኋላ ብትሄዱ ለመኪና የመጀመሪያው የፋብሪካ ኤሲ የአሜሪካው ፓካርድ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1939 ላይ ለ1940 ሞዴል የወጣ፤ እሱ ደግሞ ማቀዝቀዣው ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ማጥፋት ስትፈልግ ሞተር አጥፍተህ፣ ወርደህ፣ ቺንጋውን ታወልቃለህ። ዛሬ ያንን የሚያይ ሰው በእርግጠኝነት «እነማን ናቸው እንደዚህ የገጠሙት» ይላል። ሁሉም ከፊት ለፊት በአንድ ላይ፣ ኮፈን ስርና ዳሽቦርድ ውስጥ ተጠቃሎ የገባው እ.ኤ.አ. በ1954ቱ ናሽ፣ እሱም የአሜሪካ መኪና ነው፣ ላይ ነው።

የጋዝ መሙያው አፍም ያሳስታል። የጋሼ መኪና ላይ ያለው አፍ የአር 134 ኤ ነው፣ መኪናዋ ስትሰራ ደግሞ ያ ጋዝ በመኪና ውስጥ አልነበረም፤ ሁሉም አር 12 ነበር። የገዢው መካኒክ ይሄንንም እንደ ማስረጃ ቆጥሮት ነበር። ግን አር 12 የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ፣ እኛን መሰል አገሮችም ጭምር እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ እንዲያቆሙ ነው የተወሰነው። ስለዚህ የሚሰራ አሮጌ ኤሲ ካያችሁ አብዛኛው ተቀይሯል። አፉን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የድሮው ጥርስ ላይ የተጠመዘዘ አዲስ ክዳን መሳይ አስማሚ ነው፣ የድሮው ከስሩ አለ። የጋሼም እንደዚያው ነው።

ገዢው በስልክ «ኤሲው ራሱ ይሰራል ወይ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ሲስተሙን ባዶ አድርጌ ፈተሽኩት። እዚህ ላይ የደጋ መካኒኮች የሚያውቁትን፣ ከቆላ የመጡት የሚሳሳቱበትን ነገር ልንገራችሁ። አየሩን ከሲስተሙ መጦ የሚያወጣውን ቫኪዩም ፓምፕ አስነስታችሁ ጌጁ ወደ 29 ኢንች (በሜርኩሪ መለኪያ) እንዲወርድ የምትጠብቁት ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ክብደት ራሱ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ጥሩ ፓምፕ፣ ቀዳዳ የሌለው ሲስተም፣ 22 ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። ባሕር ዳር ከተማ ላይ 24። ይሄን ያላወቀ ሰው «ያፈሳል» ብሎ ጤነኛ ኢቫፖሬተር ያወርዳል። እዚያው አካባቢ አንድ ጊዜ እንደዚህ ተብሎ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ የወረደ መኪና አይቻለሁ፣ እስከ ዛሬ ይንጫጫል። መታየት ያለበት ቁጥሩ ሳይሆን ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው ባለበት መቆሙ ነው። የጋሼው ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልተነቃነቀም።

ማታ ላይ ልጅቷ ወረቀት አመጣች፣ ያየሁትን ጻፍኩ። ኢቫፖሬተሩ፣ ኮንደንሰሩ፣ ፑሌጃው፣ የሞተር ማሰሪያውና ሽቦው ለዚች ሞዴል የተሰራ የኒፖንዴንሶ ዕቃ ነው፤ መኪናዋ አዲስ ሳለች ከርክክብ በፊት በሻጩ ጋራዥ የተገጠመ ነው፤ ኮምፕሬሰሩና የተበየደው ላሜራ በኋላ የተተካ ነው፤ የጋዝ አፎቹ ለአዲሱ ጋዝ ተቀይረዋል። የውሃ መውጫዋን ቀዳዳ፣ የኮንደንሰሩን የላይ ቡሎኖችና የሽቦውን ጥቅል ፎቶ አንስቼ አብሬ ላክሁ። ጋሼ እንዲያነብላቸው ልጃቸውን አዘዙና እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ፋብሪካ አይደለም» የሚለው ላይ ስትደርስ ፊታቸውን አየሁ። አልተከፉም። «ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው» ብቻ አሉ።

ገዢው በማግስቱ ራሱ ደወለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አንድ ደቂቃ ባየ ሰው ቃል ነው የሄደው። ለሚሰበስብ ሰው እንደዚህ ያለ ገጠማ ከፋብሪካው ትንሽ ቢያንስም የመኪናዋ ታሪክ አካል ነው፣ የሚነቀልም አይደለም፤ ይሄን ነገርኩት፣ ገባው። ከቀነሰው 80 ሺህ ውስጥ 55 ሺውን መለሰ፣ የቀረውን የኮምፕሬሰሩ ማሰሪያ በቦታው ተመልሶ እንዲሰራበት ያዝኩት አለ። ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሊወስዳት በመጣ ቀን ደግሞ መካኒኩንም ይዞት መጣ። መካኒኩ ጋሼ እግር ስር ዝቅ አለ። ጋሼ በሁለት እጃቸው አነሱት። «ተው ልጄ፣ ያየኸውን ነው የተናገርህ።»

ስም ለማዛወር ጋሼም አብረው መሄድ ነበረባቸው። እኔም ኤሲው በረሃ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት እስከ ጎሐ ጽዮን ገባሁ። ገዢው ነዳ፣ ጋሼ ከጎኑ። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ኤሲው ተከፈተ። ታች ስንደርስ ውጪው 34 ዲግሪ ነበር፣ ከመሃለኛው መውጫ የሚመጣውን ለካሁት፣ 11። ገዢው ሳቀ። ድልድዩን ተሻገርን፣ ዳገቱ ፊት ለፊታችን ቆመ። ያኔ የጋሼ እጅ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ እንዳለ፣ ዳሽቦርዱን ዳሰሰና ማብሪያውን አጠፋ።

«ዳገት ላይ አንከፍትባትም» አሉት ለገዢው። «ይደክማታል።»